ላዳው ለምን ይጮኻል?

ሰሞኑን ላዳ ታክሲ የተሳፈራችሁ ካላችሁ፣ ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ገና ሳይነሳ ከኮፈኑ ሥር «ጣ ጣ ጣ ጣ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ መኪና ላይ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይቀንሳል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ እስከምትወርዱ ድረስ አብሯችሁ ይጓዛል። ሹፌሩን ብትጠይቁት «የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፣ ችግር የለውም» ይላችኋል።

ችግር አለው። ብዙ ጊዜም ሹፌሩ አያውቀውም፤ የገጠመለትም ሰው አልነገረውም።

አጎቴ ላዳ ነጂ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቷል። ልጆቹን ያስተማረባት፣ እናቱን ያሳከመባት መኪና 2105 የምትባለው፣ ባለ አራት ማዕዘን መብራቷ ላዳ ናት። በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች ከመጡ ወዲህ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም ከገበያ ዕቃ ጭነው የሚመለሱ እናቶች፣ ሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚሮጡ ጎረቤቶች፣ ስማርት ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎች አሁንም እሱን ነው የሚፈልጉት። መኪናዋ አንድ ቀን ከቆመች የዚያን ቀን ገቢ የለም። ሁለት ሳምንት ብትቆም ደግሞ ወጪው ከየት እንደሚሸፈን እኔም አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ዳገት ላይ አልወጣም ማለት ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆና ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትንገዳገድና ትጠፋለች። ትንሽ ቆማ እንደገና ትነሳለች። አጎቴ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ወጣቱ መካኒክ የነዳጅ ቱቦውን ነቅሎ ሞተሩን በሞተሪኖ አዞረ፤ ቤንዚኑ ደከም ብሎ ሲወጣ አየና «ፓምፑ ሞቷል» አለ። ኦርጅናሉ አይገኝም፣ ቢገኝም አይቆይም፣ የኤሌክትሪክ ግጠም አለው። ተገጠመ። ዋጋው የአጎቴን የሦስት ቀን ገቢ በላ። ዳገቱን ወጣች። ጩኸቱም ያን ዕለት ጀመረ።

የድምፁን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ ላዳዋ ስትሠራ ምን ዓይነት ፓምፕ እንደነበራት ማወቅ ያስፈልጋል። ፓምፑ ሜካኒካል ነው፤ ሽቦም ባትሪም አይነካውም። ሞተሩ ውስጥ የዘይት ፓምፑንና ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞር ሻፍት አለ። ሻፍቱ ላይ ወደ አንድ ጎን ያበጠ ክብ አለ፤ በዞረ ቁጥር ጣት የምታክል የብረት ዘንግ ወደ ውጭ ይገፋል። ዘንጓ የፓምፑን ክንድ ትገፋለች፤ ክንዱ ውስጥ ያለውን ዲያፍራም፣ ማለትም ስስ የጎማ ጨርቁን፣ ወደ ታች ይስባል። ያኔ ቤንዚን ከሳልቫትዮው ይሳባል። ዲያፍራሙን ወደ ላይ መልሶ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተር የሚልከው ግን ሞሎ ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ የካርቡሬተሩ ቋት ሲሞላና መርፌው ሲዘጋ ሞሎው መግፋት ያቅተውና ዲያፍራሙ ታች ተቀምጦ ይጠብቃል። ክንዱ በባዶው ይመላለሳል። ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት በሞሎው ልክ የተወሰነ ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ገደማ። ሞተሩ ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። ኮምፒውተርም ሪሌም የማይፈልግ፣ በሁለት የ13 ቁልፍ ዳዶ የሚታሰር ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራችው ቶሊያቲ በምትባል የሶቪየት ከተማ ሲሆን፣ ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም ነው። እኛ ደግሞ የጋራዥ ቋንቋችንን ከጣሊያን ወርሰናል፤ ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን። ስለዚህ በደርግ ዘመን ሩሲያኛ ተለጥፎባት የመጣችውን መኪና በጣሊያንኛ እየፈታን፣ በአማርኛ እየተራገምን ስንጠግናት ኖረናል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እንደ ቤተሰብ የተላመደችን።

ወደ ጩኸቱ ልመለስ። አጎቴ ላይ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ፓምፕ በውስጡ ማግኔት አንድ ፒስተን እያመላለሰ የሚሠራ ርካሽ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ «ጣ» የፒስተኗ ምት ናት። እንዲህ ያለ ፓምፕ በደህና ጊዜም ድምፅ አለው፤ ካርቡሬተሩ ሲሞላ ግን ምቱ ይዘገያል። የማይዘገይ ከሆነ ከሦስት አንዱ ነው፤ አየር እየሳበ ነው፣ የካርቡሬተሩ መርፌ አልዘጋ ብሏል፣ ወይም ቤንዚኑ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሦስተኛውን ማንም መስማት አይፈልግም።

አጎቴ ለሁለት ወር ያህል ቻለው። ተሳፋሪ ሲጠይቀው እየቀለደ ያልፋል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚፈነዳ አይደለም?» ብለው ሲጠይቁት ግን ቀልዱ እንደጠፋበት ነገረኝ። በዚያው ሰሞን መኪናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ መጣ። ደውሎ «አንተ ልጅ፣ እስቲ አንድ የሚያውቅ ሰው ፈልግልኝ» አለኝ። ጋዜጠኛ ሰው ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ቀደም ሲል ስለ መኪና ማስገባት እገዳው ስጽፍ ያነጋገርኳቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፣ ወደ እሳቸው ሄድን።

ሽማግሌው ኮፈኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያደረጉት ምንም አለመንካት ነው። አጎቴን ቁልፉን ብቻ አዙር አሉት። ጣጣታው ጀመረ። ረጅም ካቻቢቴ አንስተው ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ቀጥለው ፓምፑ የታሰረበትን የጎን ብረት ነኩበት። ከዚያ ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጡኝ። «ስማ እስቲ ልጄ፤ የቱ ይበልጣል?» ብረቱ ይበልጥ ነበር። ፓምፑ ያለ ምንም ላስቲክ በቀጥታ ከቦዲው ጋር በብሎን ስለታሰረ፣ ቦዲው እንደ ከበሮ ድምፁን እያጎላው ነው።

«ከበሮውን ተወው» አሉ፤ «ይሄ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይችልበትም። ከኋላ፣ ሳልቫትዮው አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ ነበር መቀመጥ ያለበት። እዚህ ፊት ላይ ሰቅለው አራት ሜትር ሳብ አሉት። ምን ያድርግ? ይጮኻል እንጂ።»

ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ይብሳል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ፈሳሽ ነገር በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ውኃውን ምስር የምትቀቅሉ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ቤንዚንም እንደዚያው ነው። ፓምፑ በሩቅ ሲስብ ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ላዩ ላይ የሞተሩ ሙቀት ሲጨመርበት ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ወደ ትነት ይለወጣል። ፓምፑ ፈሳሽ ሳይሆን ትነት ይደበድባል። የድሮ ላዳ ሹፌሮች በመጨናነቅ መሃል ወርደው ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጥሉት ለዚህ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሽቦው ነው። ከቁልፉ በቀጥታ ተስቦ የመጣ አንድ ሽቦ፣ ሪሌ የለ፣ ፊውዝ የለ። እግዚአብሔር አያድርገውና መኪናዋ ብትጋጭና ቱቦ ቢበጠስ፣ ሞተሩ ቢጠፋም ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ያ ፓምፕ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ላዳ ላይ ካርቡሬተሩ የተቀመጠው ከጭስ ማውጫው በላይ ነው። የሚንጠባጠበው ቤንዚን የት እንደሚያርፍ ገምቱ። የቤንዚኑ ሽታም ከዚያው ነበር፤ ቱቦውን ያሰሩት በማሰሪያ ቀለበት ሳይሆን በተጠማዘዘ ሽቦ ነው፣ ጎማውን በልቶታል።

ይህ የአጎቴ መኪና ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌውን አመስግኜ ዝም እል ነበር። ሲነግሩኝ ግን ከዚህም የባሰ አይተዋል። አንዳንዱ ከአዳዲስ ኢንጀክሽን መኪኖች የወጣ ፓምፕ ይገጥማል። የእነዚያ ግፊት 3 ባር ገደማ ነው። የላዳ ካርቡሬተር መርፌ የተሠራችው ለዚያ አንድ አሥረኛ ነው። መርፌዋ ትረታለች፤ ካርቡሬተሩ ሞልቶ ይፈሳል። ሹፌሩ የሚያውቀው መኪናው ቤንዚን እየበላ እንደሆነ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሁለት መንገድ ሰጡን። አንደኛው የኤሌክትሪኩን ፓምፕ ወደ ኋላ ወስዶ ላስቲክ ላይ መስቀል፣ ፊውዝና ሞተር ሲጠፋ የሚቆርጥ ሪሌ ማስገባት። በደንብ ከተሠራ ይህም ችግር የለውም አሉ። ሁለተኛው ወደ ድሮው መመለስ። አጎቴ የመኪናውን ኪስ ከፈተና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ ያ ጋራዥ ነቅሎ የጣለውን ኦርጅናል ፓምፕ ከቆሻሻ ላይ አንስቶ አስቀምጦት ነበር። የላዳ ሰው ምንም አይጥልም።

ሽማግሌው ፓምፑን አገላብጠው አዩና ሳቁ። ፓምፑና ሞተሩ መሃል ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ማስገቢያ አለ፤ ከእሱ ወዲህና ወዲያ ጓርኒሲዮን ይገባል። እዚህ ላይ ሦስት ጓርኒሲዮን ተደራርቦ በሲሊኮን ተለጥፎ አገኙት። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ዘይት እንዳይንጠባጠብ ብሎ ነው። የጓርኒሲዮኑ ውፍረት ግን ለዘይት ብቻ አይደለም፤ ዘንጓ ክንዱን ምን ያህል እንደምትገፋ የሚወስነው እሱ ነው። ዘንጓ ወደ ውስጥ በጣም በገባችበት ሰዓት ከጓርኒሲዮኑ በላይ ከ0.8 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ መታየት አለባት። ሲወፍር ፓምፑ ይርቃል፣ ክንዱ በቂ አይንቀሳቀስም፣ ዳገት ላይ ቤንዚን ያጥራል። ሲሳሳ ደግሞ ክንዱ ከልክ በላይ ይገፋል፣ ይንኳኳል፣ ዲያፍራሙ ቶሎ ያልቃል። የላይኛውን ክዳን በአንድ ብሎን ከፈቱት፤ ወንፊቱ በዝገት ተደፍኗል። «ሞቷል» የተባለው ፓምፕ በወረቀትና በቆሻሻ ታንቆ ነበር።

ዲያፍራሙ ግን ደርቋል፣ መቀየር ነበረበት። ዘንጓም ጠፍታለች። ሶማሌ ተራ ወረድን።

ሶማሌ ተራን የማያውቅ የመኪና ሰው የለም። የላዳ ዕቃ የሚሸጡት ግን እየቀነሱ ነው፤ አንዱ ሱቅ «የቪትዝ ከሆነ ሁሉም አለ» ብሎ ሸኘን። ሦስተኛው ዘንድ በሩሲያኛ የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለ ሙሉ ፓምፕ አሳዩን። ሽማግሌው ያስተማሩንን አደረግን፤ መግቢያውን በጣት ደፍነህ ክንዱን ጫን ልቀቅ። ጣትህን መሳብ አለበት፣ ለጥቂት ሰከንድም ይዞ መቆየት። አልያዘም። መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ፣ ጎማው እንደ ደረቅ ቆዳ ሆኗል። ካርቶኑ ኦርጅናል መሆኑ ምንም አይጠቅምም። በመጨረሻ የዲያፍራም መጠገኛ ለብቻው አገኘን፤ ዘንጓን ደግሞ ከተበተነ ላዳ ከወጡ ብረቶች ክምር ውስጥ። ባለሱቁ «ሁለት ውሰዱ፣ ሌላ ጊዜ አታገኙም» አለ። ነጋዴ ሁሌም እንደዚህ ይላል፤ ይህኛው ግን የዋሸ አይመስለኝም። ሁለት ወሰድን።

ሥራው ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል አልፈጀም። ሞተሩን በእጅ አዙረው ዘንጓ ወደ ውስጥ የምትገባበትን ነጥብ ፈለጉ፣ በካሊፐር ለኩ፣ ቀጭኗን ጓርኒሲዮን ከሞተሩ በኩል፣ ወፍራሟን ከፓምፑ በኩል አደረጉ። 1 ሚሊ ሜትር መጣ። ሁለቱን ዳዶ እኩል እኩል እያፈራረቁ አጠበቁ። ቱቦውን በአዲስ ቀየሩ። ዘይት መለኪያውን አውጥተው አሸተቱ፤ የተቀደደ ዲያፍራም አንዳንዴ ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይት ይለቃልና። ንጹሕ ነበር። ከዚያ በፓምፑ ጎን ያለችውን ትንሽ የእጅ መጫኛ ደጋግመው ተጭነው ካርቡሬተሩን ሞሉትና «አስነሳ» አሉ። ሁለተኛው ላይ ነሳች። ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሄድን። አራት ሰው ጭኖ ወጣት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ይፋ አድርጓል። ከዚያ በፊት በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዷል። ሁለቱንም በመርህ ደረጃ አልቃወምም። ለነዳጅ የምናወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ ነው፣ መብራቱ ደግሞ የራሳችን ውኃ ነው። ግን ይህ ፖሊሲ ስለሚገቡት መኪኖች እንጂ ስላሉት አንድም ቃል የለውም። አጎቴ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ አይችልም። አዲስ እንዳይገባ የተከለከለበት ገበያ ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ሰው ያለውን ይዞ ይቆያል። ይህ ማለት የሚቀጥሉትን አሥርና ሃያ ዓመታት ከእነዚህ መኪኖች ጋር በአንድ መንገድ ላይ ነን፤ እየጠገንናቸው፣ ወይም እየጠጋገንናቸው።

ሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው መነሳት ሲጀምር ቤንዚን በሊትር ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ገባ። ዛሬ ከ100 ብር አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ተወረወረ። በዚህ ሁሉ መሃል ሹፌሩ የሚሄደው ወደ ርካሹ ነው። ርካሹ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ግፊቱ እንኳ ያልተጻፈበት ፓምፕ ነው። ልብስ ስንገዛ ቁጥር ይጻፍልናል፤ ቤንዚን የሚገፋ ዕቃ ላይ ስንት ባር እንደሆነ ያልተጻፈበት ለምን በጉምሩክ ያልፋል? የአጎቴ መኪና ያን ፓምፕ፣ ያን ሽቦ፣ ያን የተጠማዘዘ ማሰሪያ ይዛ ቦሎ ወስዳለች። መብራቷን አይተዋል፣ ፍሬኗን አይተዋል። ኮፈኑን የከፈተ ሰው ያ ድምፅ ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም።

ወጣቱን መካኒክ አልወቅስም። የተማረው በኢንጀክሽን መኪና ነው፤ ኮምፒውተር ሰክቶ ስህተቱን ያነባል። ላዳ የምትሰካበት ቦታ የላትም። ጓርኒሲዮን ለምን ሁለት ዓይነት ውፍረት እንዳለው የሚነግረው ሰው ካላጋጠመው ከየት ያምጣው? ሽማግሌውን «ይህን ለማን አስተማሩ?» ብያቸው ነበር። ሦስት ልጆች አሠልጥነው ሁለቱ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አሁን አብሯቸው ያለው ረዳት ዓመት አልሞላውም። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማስተማር መጀመራቸው መልካም ነው፤ አንድ ሴሚስተር ለካርቡሬተር ቢተዉ ግን ቅንጦት አይሆንም።

ላዳ፣ ቮልስ ወይም ሌላ ካርቡሬተር ያለው መኪና ለምትነዱ፤ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገጥሞላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አራት ነገር እዩ። ፓምፑ የተሰቀለው ፊት ነው ወይስ ሳልቫትዮው አጠገብ? ሽቦው ላይ ፊውዝ አለ? ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ስትቀመጡ ምቱ ይዘገያል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? ቱቦው በምን ታሰረ? ድሮ የነበረውን ፓምፕ ነቅለው «ጣለው» ካሏችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ዘንጓንም ተቀበሏቸው።

የኤሌክትሪኩ ፓምፕ አሁን ሽማግሌው ጋራዥ ነው። ባትሪ ላይ አስረው ብረት የሚያጥቡበትን ናፍጣ ከበርሜል ይቀዱበታል። ረዳቱ በጩኸቱ ተማርሯል፤ ቢያንስ ለምን እንደሚጮኽ ግን ያውቃል።